ኮሎ ቱሬ ጉልበት ብቻ አልነበረም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኮሎ ቱሬ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በኳስ ወዳጆች መካከል ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። ጸሐፊው የአይቮሪኮስቱን ተከላካይ የ15 ዓመት የአውሮፓ ቆይታ በጥቂት ክሶች ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ኮሎ ጉልበት እንጂ የጨዋታ ዕውቀት አልነበረውም ይላሉ። አርሰናል ውስጥ ከጎኑ ይሰለፍ የነበረው የእንግሊዛዊው ተከላካይ የሶል ካምቤል ጥላ ነበር፤ ማንቸስተር ሲቲ የሄደው ለገንዘብ ነው፤ እዚያም በተከለከለ ንጥረ ነገር ተቀጣ። ሊቨርፑልን ዋንጫ አሳጣ፤ ለሀገሩ በወሳኝ ሰዓት አልደረሰም፤ አሰልጣኝ ሆኖም አልተሳካለትም። መደምደሚያቸው ደግሞ ስሙ ከአፍሪካ ምርጥ ተከላካዮች ጋር የሚነሳው የአርሰናል ደጋፊ ስለሚጮህለት ነው የሚል ነው።

የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ለዚህ ጽሑፍ መልስ ለመስጠት ግን መጮህ አያስፈልግም። ሰውየው ሜዳ ላይ የሠራውን ማስታወስ ይበቃል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉም በላይ የከነከነኝ የመጀመሪያው ክስ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። ጸሐፊው «ጉልበት ብቻ» የሚለውን ለማስረዳት ያመጡት ማስረጃ የቀድሞው የአርሰናል አማካይ ሬይ ፓርለር ደጋግሞ የሚያወራውን የሙከራ ቀን ታሪክ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኮሎ ለሙከራ አርሰናል ልምምድ ሜዳ ይመጣል። ገና ከመጀመሩ ኮከቡን አጥቂ ቲየሪ ሄንሪን ተንሸራቶ ይጥለዋል። ትንሽ ቆይቶ ዴኒስ ቤርካምፕን ይደግማል። በመጨረሻ ኳሷ ዳር ቆሞ ወደሚያየው ወደ አሰልጣኙ አርሴን ቬንገር ትሄዳለች። ኮሎ እሷንም አልተዋትም፤ ተወርውሮ ሲገባ አሰልጣኙን ራሱን መታው። ቬንገር እያነከሰ ከሜዳ ወጣ። ልጁን ግን አስፈረመው።

ታሪኩ ያስቃል፤ እኔም በሰማሁት ቁጥር እስቃለሁ። ጸሐፊው ግን «ያው በሬ ነበር» ለማለት ተጠቀሙበት። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ኮሎ 20 ዓመቱ ነው። ከአቢጃን መጥቷል። ይህ ሙከራ ካመለጠው ሁለተኛ ዕድል ይኑረው አይኑረው አያውቅም። በዚያ ቀን ያለ የሌለ ጉልበቱን ቢያወጣ ምን ይገርማል? የአንድን ሰው የ15 ዓመት ሥራ በሙከራ ቀን መመዘንስ የት አገር ፍርድ ነው?

ደግሞ ጸሐፊው ኮሎ ከየት እንደመጣ አንዲት መስመር አልጻፉም። ኮሎ የአሴክ ሚሞሳ አካዳሚ ልጅ ነው። አካዳሚውን በ1994 አቢጃን ውስጥ የመሠረተው ፈረንሳዊው ዣን ማርክ ጊዩ ነው። ጊዩ ታዳጊዎቹን ባዶ እግራቸውን ኳስ እያስነካ በማሳደግ ይታወቃል። ቁመትና ጡንቻ አይመርጥም ነበር። ኳስ እግሩ ላይ የምትቀመጥለትን ልጅ ነበር የሚፈልገው። ያያ ቱሬ፣ ዲዲየ ዞኮራ፣ ኢማኑኤል ኢቡዌ፣ አሩና ዲንዳኔ፣ ሰለሞን ካሉ፣ ጀርቪንሆ ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። ይህን ቤት «የጉልበተኞች መፍለቂያ» የሚል ሰው ካለ ስሞቹን እንደገና ያንብብልኝ። ቬንገርም ልጁን በአጋጣሚ አላገኘውም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳዩ ካን ክለብ ውስጥ የጊዩ ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ሠርቷል፤ የሰውየውን አሠራር ያውቀዋል።

አርሰናል ለኮሎ የከፈለው ወደ 150 ሺህ ፓውንድ ብቻ ነው። በ2002–03 የመጀመሪያ ዓመቱ አንዴ አማካይ፣ አንዴ የቀኝ መስመር ተከላካይ፣ አንዴ ተቀይሮ ገብቶ ክፍተት የሚሞላ ተጫዋች ነበር። መሀል ተከላካይ አልነበረም። በ2003 ክረምት ቬንገር ከካምቤል ጎን አቆመው። 22 ዓመቱ ነበር። በዚያ ቦታ ላይ ልምዱ ከምንም የማይቆጠር ልጅ በቀጣዩ የውድድር ዓመት ከ38ቱ የሊግ ጨዋታዎች 37ቱን ተጫወተ። አርሰናል 26 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫውን አነሳ። የተቆጠረበት 26 ግብ ብቻ ነው።

እስቲ ያን ቡድን አስታውሱት። አሽሊ ኮል በግራ ወደፊት ይሄዳል። ሎረን በቀኝ ይሄዳል። ፓትሪክ ቪዬራም ኳስ ይዞ ይወጣል። የተከላካይ መስመሩ ወደ መሀል ሜዳ ተጠግቶ ነው የሚቆመው። ከኋላ ያለው ሜዳ ባዶ ነው። ኳስ ከላይ ስትጣል ማን ይደርሳል? ኮሎ ነው የሚደርሰው። እዚህ ላይ «አዎ፣ ፈጣን ነበር፤ እኛስ ምን አልን?» የሚል አይጠፋም። ፈጣን ሰው ሞልቷል። ፍጥነት የሚጠቅመው መቼ መነሳት እንዳለበት ለሚያውቅ ተከላካይ ነው። ካምቤል አጥቂውን ፊት ለፊት ሲገጥም ኮሎ ሁለት ሦስት ሜትር ወደኋላ ይቀራል። ካምቤል ከተሸነፈ እሱ አለ። ካምቤል ሲቀር ደግሞ ኮሎ ወጥቶ ይነጥቃል። ይህ ልውውጥ በ90 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ይደጋገማል። አንዴ ከተዛባ በረኛውና አጥቂው ብቻቸውን ይፋጠጣሉ። ያን ሥራ አማካይ ሆኖ የመጣ ልጅ በአንድ ክረምት ተማረው። መማሩ ነው የሚገርመኝ። «ጉልበት ብቻ» የሚለው አባባል የሚሰርዘውም ይህንኑ ትምህርት ነው። የምዕራብ አፍሪካ ተከላካይ ጥሩ ሲጫወት ጡንቻው ይጠቀሳል፤ ሲሳሳት ጭንቅላቱ ይጠየቃል። የአውሮፓ ተንታኞች ይህን ለዓመታት ሲሉት ሰምተናል። እኛው በአማርኛ ስንደግመው ማየት ያሳዝናል።

ሁለተኛው ክስ የካምቤል ጥላ የሚለው ነው። ለዚህ የ2005–06ን ቻምፒየንስ ሊግ ማየት ይበቃል። አይቮሪኮስት የካቲት ወር ላይ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን፣ ካይሮ ላይ በግብፅ በመለያ ምት የአፍሪካ ዋንጫን ተነጠቀች። ኮሎ ያን ጨዋታ ተጫውቷል። በ11ኛው ቀን ሳንቲያጎ በርናቤው ላይ ሪያል ማድሪድን ገጠመ። ካምቤል በዚያ ወቅት የለም። ከኮሎ ጎን የቆመው የ21 ዓመቱ ፊሊፕ ሴንደሮስ ነው። በቀኝ ኢቡዌ፣ በግራ ደግሞ የቦታው ተጫዋቾች ኮልና ክሊሺ ስለተጎዱ አማካዩ ማቲዩ ፍላሚኒ። ይህን አሰላለፍ ወረቀት ላይ ያየ ሰው አርሰናል አምስት ግብ ይቆጠርበታል ብሎ ነበር። ሮናልዶ፣ ዚዳንና ቤካም ያሉበት ማድሪድ በሁለት ጨዋታ አንድም አላገባም። ኢብራሂሞቪችና ትሬዜጌ ያሉበት ጁቬንቱስም በሁለት ጨዋታ አላገባም። ቪያሪያልም እንዲሁ። አርሰናል በዚያ ዓመት በቻምፒየንስ ሊጉ በተከታታይ 10 ጨዋታ ግብ ሳይቆጠርበት ለፍጻሜ ደረሰ። ካምቤል የተመለሰው በግማሽ ፍጻሜው የመልስ ጨዋታ ነው። ታዲያ በማድሪድና በቱሪን የማን ጥላ ሥር ነበር?

የዚያን ግማሽ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታም ላስታውስ። ቦታው ሃይበሪ ነው። ስታዲየሙ በዚያ የውድድር ዓመት መጨረሻ ሊዘጋ ነው። 41ኛው ደቂቃ ላይ አሌክሳንደር ህሌብ ኳሷን ከቀኝ በኩል በመሬት ወደ ግቡ አፍ ላካት። ግቡ ፊት ቆሞ የነካት ኮሎ ነበር። 1 ለ 0። ማለፉን የወሰነችው ብቸኛ ግብ እሷ ሆነች። በሃይበሪ ታሪክ የመጨረሻዋ የአውሮፓ ውድድር ግብም እሷው ናት። በመልሱ ጨዋታ በረኛችን ሌማን የቪያሪያሉን የሪኬልሜን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ፤ ሁላችንም የምናስታውሰው ያን ነው። ግቧን ማን እንዳገባት ግን በየዲኤስቲቪ ቤቱ ብትጠይቁ ግማሹ ሰው «ሄንሪ» ይላችኋል።

ወደ ሲቲ የሄደው ለገንዘብ ነው ለሚለው ብዙ ቀለም አልጨርስም። ኮሎ ለአርሰናል 326 ጨዋታ ተጫውቷል። በ2009 ሲሸጥ ክለቡ ከ14 ሚሊዮን ፓውንድ ያላነሰ እንዳገኘበት ተዘግቧል። በ150 ሺህ የመጣ ሰው ነው። ክለቡ አተረፈበት፤ ተጫዋቹም ደሞዙ ተሻሻለለት። ከአቢጃን ተነስቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ለምን የተሻለ ክፍያ መረጠ ብሎ መክሰስ ለእኔ ትርጉሙ አይገባኝም። ሲቲ እንደገባ አሰልጣኙ ማርክ ሂዩዝ አምበል አድርጎታል። አዲስ መጪን አምበል የሚያደርግ አሰልጣኝ ጉልበት ብቻ አይቶ አያደርገውም።

ቅጣቱ ግን እውነት ነው፤ እሱን አልክድም። በ2011 መጀመሪያ በተደረገለት ምርመራ የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኘበት። የባለቤቱን የክብደት መቀነሻ ኪኒን ወስዶ ነው። ስድስት ወር ታገደ። ሲቲ በዚያው ዓመት ኤፍኤ ካፕን ሲያነሳ፣ ወንድሙ ያያ በፍጻሜው ብቸኛዋን ግብ ሲያገባ፣ ኮሎ መጫወት አይችልም ነበር። ጥፋቱ የግድየለሽነት ጥፋት ነው። እግር ኳስ ተጫዋች የሚውጠውን ኪኒን ለሐኪሙ ማሳየት አለበት። ጸሐፊው ግን «በዕፅ ጉልበቱን ሲያጎለብት ተያዘ» ብለው ነው የጻፉት። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ኮሚሽን ሆን ብሎ ብቃቱን ለመጨመር እንዳልወሰደው ተቀብሏል። ሁለቱ ነገር አንድ አይደለም። የሰውን ስም የሚያጠፋ ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ ውሳኔውን አንድ ጊዜ ማንበብ ይገባል። ቅጣቱን ጨርሶ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ የ2012ቱን የሲቲን የሊግ ዋንጫ ከቡድኑ ጋር አንስቷል። በሁለት የተለያዩ ክለቦች ፕሪምየር ሊግን ያነሱ ተጫዋቾች ጥቂት ናቸው።

አሁን ወደ ሊቨርፑል። ጸሐፊው እዚህ ላይ በጣም እርግጠኛ ናቸው። ፌብሩዋሪ 2014፣ ከዌስት ብሮም ጋር። ሊቨርፑል በስተሪጅ ግብ 1 ለ 0 ይመራል። ኮሎ ከራሱ ሳጥን አካባቢ ኳሷን ወደ ጎን ይልካታል፤ የዌስት ብሮሙ ቪክቶር አኒቼቤ ያገኛታል፤ ግብ። 1 ለ 1። ስህተቱ አስቀያሚ ነው። ከ10 ቀን በኋላ ከፉልሃም ጋር ደግሞ በራሱ ግብ ላይ አስቆጠረ። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ምንም ጠብ የለንም።

ከዚያ ተነስተው ግን «ሊቨርፑል ዋንጫውን ያጣው በዚህ ሰው ነው» አሉ። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። ሲቲ በ86 ነጥብ ጨረሰ፤ ሊቨርፑል በ84። ከዌስት ብሮም ጋር የጠፉትን ሁለት ነጥቦች ለሊቨርፑል እንመልስለት። 86 ለ 86 ይሆናል። አሁን የግብ ክፍያ፣ ማለትም ካገቡት የተቆጠረባቸው ተቀንሶ የሚቀረው፣ ይታያል። ሲቲ 65 ግብ ትርፍ ነበረው። ሊቨርፑል 51፤ አኒቼቤ ያገባትን ብንሰርዝለት 52። ዋንጫው አሁንም የሲቲ ነው። የፉልሃሙን ጨዋታ ደግሞ ሊቨርፑል 3 ለ 2 አሸንፎታል፤ ነጥብ አልጠፋም። ሊቨርፑል በዚያ ዓመት 50 ግብ የተቆጠረበት ቡድን ነው። በመጨረሻ ከቼልሲ ጋር ተሸንፎ፣ ከክሪስታል ፓላስ ጋር 3 ለ 0 ከመምራት 3 ለ 3 ወጥቶ ነው ዋንጫው ያመለጠው። በሁለቱም ቀን ኮሎ ቋሚ አሰላለፍ ውስጥ አልነበረም። ያ የዌስት ብሮም ቪዲዮ በየዓመቱ ስለሚዞር ብቻ ዋንጫ ማሳጣቱ እንደ እውነት ተወስዷል።

ሊቨርፑል ውስጥ ሌላም ነገር ነበረ። ጸሐፊው ዘለውታል። ፌብሩዋሪ 2016 ሊቨርፑል አስቶን ቪላን 6 ለ 0 ሲያሸንፍ ስድስተኛዋን በጭንቅላት የመታት ኮሎ ነው። 34 ዓመቱ ነበር፤ ለክለቡ ያገባት ብቸኛ ግብም እሷ ናት። የቡድን ጓደኞቹ የዋንጫ ግብ የተቆጠረ ያህል ነበር የተረባረቡበት። በተጫዋቾች ዘንድ እንደዚያ የሚወደድ ሰው በመልበሻ ክፍል ውስጥ ምን ሲሠራ እንደነበር መገመት አያቅትም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ባዝል ከተማ በተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ዩርገን ክሎፕ በቋሚነት አሰልፎታል።

ለሀገሩ አልደረሰም የሚለው ክስ ደግሞ ጸሐፊው ራሳቸው ያልመረመሩት ይመስለኛል። አይቮሪኮስት በኮሎ ዘመን ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳለች። 2006 ካይሮ ከግብፅ ጋር፣ 2012 ሊብረቪል ከዛምቢያ ጋር፣ 2015 ባታ ከጋና ጋር። ሦስቱም 0 ለ 0 አልቀው ወደ መለያ ምት ሄደዋል። ሦስቱንም ኮሎ ተጫውቷል። ሦስት ፍጻሜ፣ እያንዳንዱ 120 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 360 ደቂቃ። አንድም ግብ አልተቆጠረበትም። በ2012ቱ ውድድር ደግሞ ቡድኑ ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ ፍጻሜው አንድም ግብ ሳያስተናግድ ነው ዋንጫውን ያጣው። ተከላካይ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ግብ ማግባት የነበረባቸው ሌሎች ናቸው፤ በዚያ ፍጻሜ ድሮግባም በመደበኛው ሰዓት ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል።

«ግን ሊብረቪል ላይ መለያ ምት የሳተው ማን ነው?» ብለዋል ጸሐፊው። ኮሎ ነው። ምቱን የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዊኒ አዳነበት፤ ቀጥሎ ጀርቪንሆም ሳተ፤ ዛምቢያ 8 ለ 7 አሸነፈች። የዛምቢያ አሰልጣኝ ኤርቬ ሬናር ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ሬናር የአይቮሪኮስት አሰልጣኝ ሆኖ ባታ ላይ ቆሟል። ኮሎ 34 ሊሞላው አንድ ወር ከምናምን ቀርቶታል። ከጎኑ ገና 20 ዓመቱ የሆነው ኤሪክ ባዪ አለ። ጨዋታው እንደገና ወደ መለያ ምት ሄደ። አይቮሪኮስት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳተች። ሕዝቡ «ይኸው ደገመን» ብሎ ራሱን ይዟል። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ሰዓት የሳተው ሰው ኳሷን አስቀመጠ። አገባት። ሌሎቹም ተከተሉ። በመጨረሻ በረኛው ቡባካር ባሪ የጋናውን በረኛ ምት አድኖ፣ ራሱ መትቶ 9 ለ 8 አደረገው። ሀገሪቱ ከ1992 በኋላ የመጀመሪያ ዋንጫዋን አነሳች። ጸሐፊው የሊብረቪሉን ምት ጠቅሰው የባታውን ለምን እንደተዉት እንዲነግሩን እፈልጋለሁ።

ሌላም ልጨምር። ጁን 2014 የዓለም ዋንጫ ላይ ሳሉ የኮሎና የያያ ታናሽ ወንድም ኢብራሂም በ28 ዓመቱ በካንሰር ማንቸስተር ውስጥ አረፈ። ወንድማማቾቹ መርዶውን ብራዚል ሆነው ሰሙ። ከቡድኑም ጋር ቀሩ። «ለሀገሩ አልደረሰም» የሚለውን ቃል ለዚህ ሰው መጠቀም ይከብዳል።

የስኮትላንዱን ክለብ ሴልቲክን ጸሐፊው በግማሽ መስመር ነው ያለፉት፤ «ጡረታ ሊወጣ ሄደ» ብለው። በ2016–17 ሴልቲክ በሀገር ውስጥ ውድድር አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሦስቱንም ዋንጫ አነሳ። በሊጉ 34 አሸንፎ 4 አቻ ወጣ። ኮሎ ብዙ ጨዋታ አልተሰለፈም፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም የሴልቲክ አሰልጣኝ የነበረው ብሬንዳን ሮጀርስ ሊቨርፑል ውስጥ በደንብ የሚያውቀውን ሰው ደግሞ የወሰደው በከንቱ አይደለም። ጫማውን ሲሰቅልም የአሰልጣኞች ቡድን ውስጥ አስገብቶት፣ በኋላ ወደ ሌስተር ይዞት ሄዷል። በእንግሊዝም በስኮትላንድም ሊጉን ሳይሸነፍ ያሸነፈ ቡድን አባል የነበረ ሌላ ሰው ካለ ይጥቀሱልኝ።

አሰልጣኝነቱን በተመለከተ የእንግሊዙ ክለብ የዊጋን ታሪክ አጭርና መራራ ነው። ኖቬምበር 2022 ተሾመ፤ በ9 ጨዋታ አንድም ሳያሸንፍ በጃንዋሪ ተሰናበተ። መጥፎ ነበር፤ ማስዋቢያ አያስፈልገውም። ይሁንና ያ ክለብ በዚያ ዓመት ለተጫዋቾቹ ደሞዝ በሰዓቱ መክፈል አቅቶት ነጥብ ተቀንሶበታል፤ በሦስት አሰልጣኝ ተፈራርቆም ከምድቡ ወርዷል። በሁለት ወር ሥራ ሰውን ለዘላለም መፈረጅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በ2025 ፔፕ ጓርዲዮላ ማንቸስተር ሲቲ ውስጥ በዋናው ቡድን ረዳቶች መካከል አስገብቶታል። ጓርዲዮላ ተከላካዮቹን እንዲያስተምሩለት የሚመርጣቸው ሰዎች ኳስ በጭንቅላት የሚገባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ክስ እዚህም ይወድቃል።

የቀረው የዝርዝሩ ነገር ነው። ጸሐፊው ኮሎን ከአፍሪካ ምርጥ 11 አውጥተው በቦታው ማንን እንደሚያስገቡ አልተናገሩም። እኔ የእኔን ልናገር። መሀል ላይ ካሊዱ ኩሊባሊና ኮሎ ቱሬ። ኩሊባሊ በአየር ኳስና ፊት ለፊት ግጥሚያ ላይ ይበልጠዋል፤ ኮሎ ደግሞ ከኋላው ያለውን ሜዳ ይሸፍንለታል። በ2001 ከባየርን ሙኒክ ጋር ቻምፒየንስ ሊግን ያነሳው ጋናዊው ሳሙኤል ኩፎር ይፎካከራቸዋል፤ እሱን ከኮሎ ያስቀደመ ሰው ጋር ቁጭ ብዬ እከራከራለሁ እንጂ አልጣላም። ጸሐፊውም ሁለት ስማቸውን ይጻፉልን፤ ከእነዚያ ሁለት ሰዎች በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜዎች 360 ደቂቃ ግብ ያልተቆጠረበት የትኛው እንደሆነም አብረው ይንገሩን።